ከስሜን ተራሮች ግርጌ ምን ይያዛል? ስለ ትንንሽና ቀላል የጉዞ ማስታወሻዎች ማብራሪያ

የጉዞ ማስታወሻ ምንነት

የጉዞ ማስታወሻ (ሱቬኒር) የሚባለው ተጓዥ ከደረሰበት ቦታ ይዞት የሚመለስ፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚያስታውስ ዕቃ ነው። ልማዱ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው መቁጠሪያና ሻማ፣ ገዳም ደርሶ የተመለሰም እምነትና ጠበል ለቤተሰቡ ይዞ ይገባል። ከመንገድ ባዶ እጅን መመለስ የሚያስመሰግን ነገር ሆኖ አያውቅም።

ይሁንና የተገዛ ሁሉ ማስታወሻ አይሆንም። የዋልያ ሥዕል የታተመበት ካናቴራ ሩቅ ቦታ ተሠርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በጎንደር ሱቆች መስታወት ውስጥ የሚታየው ኦፓልም የወሎ እንጂ የስሜን ድንጋይ አይደለም። እነዚህን መግዛት ነውር የለበትም፤ ስለ ስሜን ግን የሚናገሩት ጥቂት ነው። ለዚህ ማብራሪያ የተያዘው መመዘኛ ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ጥሬ ነገሩ ከየት እንደተገኘና የማን እጅ እንደሠራው ለመናገር መቻሉ ነው። ይህን የሚያሟላ ዕቃ ከመዳፍ ባይበልጥም ማስታወሻነቱ ሙሉ ነው።

ክብደት የሚታሰብበት ምክንያት

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ዳባት በዚሁ መንገድ ላይ ከእርሷ ቀድማ ትገኛለች። ሁለቱም ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ላይ ያሉ የገበያ ከተሞች ናቸው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የመግቢያ ክፍያ የሚፈጽመው፣ አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) የሚመደብለት፣ በቅሎም የሚከራየው በዚያው ነው።

ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። የሳንቃበር ሰፈር 3250 ሜትር፣ ግጭ 3600 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ 3620 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ለአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በቆላ ከተማ የማይሰማ የሁለት ኪሎ ሸክም እዚህ ላይ ትንፋሽ ይቆርጣል። ጭነቱ በበቅሎ ቢሄድም ከሸክሙ የሚድነው ሰው እንጂ እንስሳዋ አይደለችም። ስለዚህ የተሻለው አሠራር ማስታወሻን ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት መግዛት ሳይሆን ሲወረድ መግዛት ነው።

ቀላል ሲባል ሁለት ነገር አብሮ ይታያል፤ አንዱ ክብደት፣ ሌላው የሚይዘው ቦታ ነው። ትልቅ መሶብ ሲያነሱት ቢቀልም አውቶቡስ ውስጥ ማስቀመጫ አይገኝለትም። የብር መስቀል በመጠኑ ልክ ከባድ ቢሆንም ኪስ ይበቃዋል። ከሁሉም የሚመረጠው ውስጡ ባዶ ሆኖ ሌላ ነገር የሚይዝ ወይም ተጣጥፎ ሌላ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ነው። ካልሲ የታጨቀበት ሙዳይ ሻንጣ ውስጥ የሚወስደው ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ካልሲው ደግሞ ሙዳዩን ከመጨፍለቅ ይጠብቀዋል።

የስፌት ሥራ፦ ሙዳይ እንዴት ይሠራል

ሙዳይ ክዳን ያለው ትንሽ የስፌት ዕቃ ነው። በቤት ውስጥ ጌጥ፣ ጥጥ፣ መርፌና ክር፣ አንዳንዴም ገንዘብ ይቀመጥበታል። ከመሶብና ከሰፌድ ጋር የአንድ ሙያ ልጅ ሲሆን የሚለየው በመጠኑ ነው። ጡጫ የሚያክለው ሙዳይ የትልቁን መሶብ ጥበብ ሁሉ ይዞ ስለሚገኝ ለተጓዥ ከዚህ የሚሻል የስፌት ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል።

ለስፌት በዋናነት የሚውሉት ስንደዶና አክርማ የተባሉ የሣር ዓይነቶች ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ይለቀማሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከፊሉ በቀለም ይነከራል። ቀለም የገባው አለላ ይባላል። ሥራው የሚጀምረው ከመካከል ነው። ቀጭን የሣር ጥቅል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠቀለልና ሌላ ረጅም ሣር እየተጠመጠመበት ከሥሩ ካለው ዙር ጋር ይሰፋል። ሣር እንደ መርፌ ክር በራሱ ስለማይገባ ለእያንዳንዱ ጥልፍ ቀዳዳው አስቀድሞ በወስፌ (ባለ እጀታ ሹል ብረት) ይበሳል። ወስፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ሣሩ ይከተላል፣ ይጠበቃል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ወይም የሚሰፋው አዲሱ ዙር ከታችኛው ላይ በሚቀመጥበት አቅጣጫ ነው። አንድ ዙር ትንሽ ከገባ አፉ ይጠብባል፣ ከወጣ ይሰፋል። ሰፊዋ ይህን የምታስተካክለው በዓይኗና በጣቷ ስሜት እንጂ በመለኪያ አይደለም።

የአለላው ጌጥም ከላይ የተቀባ ሳይሆን በስፌቱ ውስጥ የተቆጠረ ነው። ቀይ ማዕዘን እንዲወጣ ከተፈለገ በየዙሩ ስንት ጥልፍ ቀይ፣ ስንቱ ያልተነከረ እንደሚሆን ሰፊዋ በልቧ ትይዛለች። ጥሩ ሙዳይ የሚታወቅባቸው ምልክቶች ከዚሁ ይመነጫሉ። ጥልፉ የተቀራረበና እኩል ከሆነ፣ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ ከሆነ፣ ክዳኑም ሲዞር በሁሉም ጎኑ እኩል የሚገጥም ከሆነ ሥራው ጠንካራ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ክዳኑ ነው፤ ለብቻው ተሰፍቶ ከአፉ ጋር መግጠም ያለበት እርሱ ስለሆነ የሰፊዋ ችሎታ እዚያ ላይ ይገለጣል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፍ ነክቶ በቀላሉ ማወቅ ይቻላል።

የበግ ጸጉር የሚሞቅበት ምክንያት

የስሜን ደጋ የበግ አገር ነው። በብርዱ ምክንያት የአካባቢው በግ ጸጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ተሸልቶ፣ ተባዝቶና ተፈትሎ ለባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ ለበርኖስና ለቆብ ይውላል። ባና ግሩም የእጅ ሥራ ቢሆንም ብዙ ኪሎ ይመዝናል። የዚያው ጸጉር፣ የዚያው እጅ ውጤት በትንሽ መጠን የሚገኘው ቆብ ላይ ነው። በፓርኩ ዙሪያ እረኞች ራሳቸው የሚያደርጉት የሱፍ ቆብ ለእንግዳም ይሸጣል፤ ገዢው እዚያው ተራራ ላይ ሊያደርገው ስለሚችል ሻንጣም አያስፈልገውም።

የበግ ጸጉር ሙቀት የሚይዘው ራሱ ትኩስ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ዘለላ የተጠማዘዘ ስለሆነ ዘለላዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይጣበቁ በመካከላቸው አየር ያስቀራሉ። የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ የሰውነት ሙቀት ሳይወጣ የሚቀረው በዚህ ነው። ጸጉሩ እርጥበትን ወደ ውስጡ ቢስብም ይህ የአየር ክፍተት ቶሎ ስለማይጠፋ እርጥብ ሱፍ ከእርጥብ ጥጥ ይልቅ ይሞቃል። ለጉም አገር የተመረጠ ነገር ነው።

ቀለም ያልገባው ሱፍ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚታየው በጉ ራሱ እንዲያ ስለሆነ ነው። ለማስታወሻ ያልተነከረው ይመረጣል፤ ከፋብሪካ ክር ለመለየትም ይቀላል። የእጅ ፈትል ውፍረቱ ሙሉ በሙሉ እኩል አይሆንም፣ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ሲረጥብ የበግ ሽታው ይመለሳል። ሽታው በጥላ ሥር ነፋስ ሲመታው ይቀንሳል። በሙቅ ውኃ ማጠብ ግን ጸጉሩን አሳስሮ ቆቡን ለሕፃን እንኳ እንዳይበቃ ያደርገዋል።

ሸክላ፦ ወለቃ ላይ የሚቆም ጉዞ

ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ወለቃ የቤተ እስራኤል መኖሪያ በመሆን የምትታወቅ ስትሆን የሴቶቿ የሸክላ ሥራም ስሟን አስጠርቷል። ከማሰሮና ከጀበና ሌላ በመዳፍ የሚያዙ የአንበሳ፣ የሰውና የዳዊት ኮከብ ምስሎች ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ በተባሉት የአየር ጉዞዎች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙያው ግን አልጠፋም፤ በቦታው የቀሩና የተማሩ ሌሎች ሴቶች ይዘውታል። ስለዚህ ዛሬ እዚያ የሚገዛ ትንሽ የሸክላ አንበሳ ከአንድ ማኅበረሰብ የወጣ፣ በሌላው እጅ የቀጠለ ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ መግዛት ዕቃውን ግማሽ ማድረግ ነው።

ሸክላ በሻንጣ ውስጥ የሚሰበረው በአተኳኮሱ ምክንያት ነው። ሸክላው የሚተኮስበት እሳት ክፍት ስለሆነ የፋብሪካ ምድጃ የሚደርስበት ሙቀት ላይ አይደርስም፤ አፈሩ ይጠነክራል እንጂ እንደ ሲኒ አይቀልጥም። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሆኖ ይቀራል። ለጀበና ይህ ጥቅም ነው፤ እሳት ላይ ሲጣድ ሳይሰነጠቅ ይለጠጣል። ለጉዞ ግን ድክመት ነው። ከመግዛት በፊት በጥፍር ቀስ ብሎ መታ ማድረግ ይጠቅማል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የደህና፣ የታፈነ ድምፅ የተሰነጠቀ ምልክት ነው። ቀጭን እግርና ጅራት የወጣለት ምስል ከተድበለበለው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። የተገዛው ምስል በሱፍ ቆብ ውስጥ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ሁለቱም ማስታወሻዎች አንድ ቦታ ይይዛሉ።

የአንገት መስቀልና ማተብ

የአንገት መስቀል ከሌሎቹ ዕቃዎች የሚለየው በቅድሚያ የእምነት ምልክት፣ ከዚያ በኋላ ጌጥ በመሆኑ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሲጠመቅ የሚያስረው ክር ማተብ ይባላል፤ መስቀሉ የሚንጠለጠለውም በእርሱ ላይ ነው። የሌላ እምነት ተከታይ መስቀል ቢገዛ የሚከለክለው ባይኖርም ቁልፍ ማንጠልጠያ ወይም የቦርሳ ጌጥ ማድረጉ ባለቤቶቹን ያሳዝናል።

ብዙዎቹ መስቀሎች የሚሠሩት በሰም ነው። አንጥረኛው ቅርጹን መጀመሪያ ከሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብር ወይም ነሐስ ይፈስሳል። ጭቃው ተሰብሮ ስለሚወጣ አንድ ቅርጽ ለአንድ መስቀል ብቻ ያገለግላል። የድሮዎቹ ብር ብዙ ጊዜ የተገኘው ከማርትሬዛ ነው። ይህ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። በኢትዮጵያም እስከ 20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ድረስ ይገበያዩበት ነበር።

በገበያ የሚገኘው ነጭ መስቀል ሁሉ ግን ብር አይደለም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተቀላቀሉበት ብረትም ብር ይመስላል። በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር ዋጋው ለብሩ ሳይሆን ለሥራው እንደሚከፈል አድርጎ ማሰብ ይሻላል። አዲስ ተሠርቶ፣ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ መስቀል ከሁሉ የተመቸ ምርጫ ነው። «የጥንት ነው» የሚለው ማባበያ ኋላ በሚገለጸው ሕግ ምክንያት ሊያስፈራ የሚገባው ቃል ነው።

ጦስኝ፣ በሶና ወረቀት

ጦስኝ በደጋ የሚበቅል መዓዛ ያለው አጭር ቁጥቋጦ ነው። ደርቆ ለሻይና ለቅመም ይውላል፤ አንድ እፍኝ ከእስክሪብቶ ብዙም አይከብድም። መዓዛው የሚመጣው ከቅጠሉ ዘይት ስለሆነና ዘይቱ በሙቀት ስለሚተን መድረቅ ያለበት በጥላ ነው። ጥሩው ጦስኝ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ በጣት ሲታሽ ወዲያው የሚሸት ነው። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል፤ ወረቀት ይሻለዋል። ከገበያ የሚገዛ እንጂ ከፓርኩ ሣር መካከል የሚቀጠፍ አይደለም። ከደጋው ገብስ የተዘጋጀ በሶም የመንገድ ስንቅ ሆኖ የኖረ ቀላል ምግብ ነው፤ ሲበላ ያልቃል እንጂ አይቀመጥም።

ከሁሉ የሚቀለው ወረቀት ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አገልግሎት ሲሆን የስሜን ብርቅዬ እንስሳት ምስል በቴምብሮቹ ላይ ወጥቷል። የፖስታ ካርድ ተጽፎበትና ማኅተም አርፎበት ወደ ራስ አድራሻ ቢላክ ቀኑንና ቦታውን ራሱ መዝግቦ ይደርሳል፤ ሸክሙንም ፖስታ ቤት ይወስደዋል። ሳንቲምም እንዲሁ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከተቀረጹት መካከል ባለ 10 ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን ምስል አለበት፤ ከአገልግሎት ሳይጠፋ አንድ ማስቀረት ለሰብሳቢ ጥሩ ጅምር ነው።

ከተራራው የማይነሱ ነገሮች

ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ (የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት) የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. እዚያው ቆይቷል። ከአደጋው መዝገብ ለመውጣት 20 ዓመት የፈጀበት ስፍራ ላይ አበባ፣ ላባ፣ ቀንድ፣ የራስ ቅል ወይም ድንጋይ ማንሳት ቀላል ጥፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አንድ ሰው የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፤ የሚያልፈው ሰው ግን ብዙ ነው። የወደቀ የጅብራ (የደጋ ረጅም ተክል) ግንድ እንኳ በስብሶ ለአፈሩ የሚመለስ ምግብ ነው።

በመንገድ ዳር ለእንግዳ የሚዘረጉ የሚያብለጨልጩ ድንጋዮችም ጥያቄ ያስነሳሉ። የስሜን ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው የእሳተ ገሞራ ድርብርቦች የተሠሩ ናቸው። ፈሳሹ ዓለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ባዶ ክፍተቶች ይተዋል፤ በዘመናት ውስጥ የሚያልፈው ውኃ በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ እንደ ኳርትዝና ዜኦላይት ያሉ ማዕድናትን ያስቀራል። ድንጋዩ ከፓርኩ ክልል ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክብደቱም ስላለ፣ በሁለት ምክንያት ከምርጫ ውጭ ይሆናል።

የቀንድ ዋንጫ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። የዋልያ ቀንድ ቀድሞ ለመጠጫነት ይፈለግ ነበር፤ ይህም ለአደኑ አንዱ ምክንያት ሆኗል። የከብት ቀንድ ገጹ ለስላሳ ሲሆን የወንድ ዋልያ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመና ፊቱ ባለ እብጠት ነው። ተፍቆ ከለሰለሰ ልዩነቱ ሊጠፋ ስለሚችል የከብት መሆኑ ያልተረጋገጠ ቀንድ አለመግዛት ይሻላል። የዱር እንስሳትን ጥበቃ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀበለችው ሳይተስ (በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ደግሞ በድንበር ላይ ያስጠይቃል።

ጥንታዊ ዕቃን በተመለከተ የሚሠራው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ብራና፣ ጥንታዊ መስቀል፣ ሥዕልና የመሳሰለው ቅርስ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ውጭ ከአገር አይወጣም። ሕጉ እንዲወጣ ያደረገ በቂ ታሪክ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈው ብራናና ንዋየ ቅድሳት ዛሬም በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች አለ። በጦር ያልመጡትም ቢሆኑ ብዙ ይዘው ሄደዋል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የእንስሳት ናሙናና የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል፤ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ በ1835 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሳይንስ የተገለጹትም በእርሱ ነው። እርሱን ተከትሎ በ1837 እ.ኤ.አ. የመጣው ቪልሄልም ሺምፐር እስከ ሞቱ ድረስ በኢትዮጵያ ኖሮ ከትግራይና ከስሜን የደረቀ ዕፅዋት በወረቀት ላይ እያጣበቀ ለአውሮፓ ልኳል፤ አንዱ የጦስኝ ዝርያ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

በወረቀት መካከል የደረቀ ቅጠል ሊሸከሙት ከሚችሉት ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ለሳይንስም የሰጠው አገልግሎት አይካድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአገሩን ሕዝብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥርዓት አልነበረም። ዛሬ የዘርና የዕፅዋት ሀብትን ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይሻል። ከዚህ ሌላ ብዙ አገሮች ተባይና በሽታ እንዳይገባባቸው ዘር፣ ያልለፋ ቆዳና የሣር ሥራ ሲገባ ይመረምራሉ ወይም ይከለክላሉ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሙዳይ ንጹሕ፣ ደረቅና ፍሬ ያልቀረበት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ዋጋና ሻጭ

ትንሽ ዕቃ ትንሽ ዋጋ ይገባዋል ማለት አይደለም። ጡጫ የሚያክል ሙዳይ ሥራው የብዙ ምሽቶች ድካም ነው፤ ጥልፉ ሲቀጥን ድካሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በገበያ ቀን መከራከር የተለመደ ነው፣ ሻጯም ትጠብቀዋለች። ክርክሩ ግን ሣር ለቅማ፣ ነክራ፣ ሰፍታ ከገጠር በእግሯ የመጣችን ሴት ከልፋቷ በታች እንድትሸጥ የሚያስገድድ ከሆነ ማስታወሻው ሲታይ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ከሠሪው እጅ በቀጥታ መግዛት ሁለት ጥቅም አለው፤ ገንዘቡ ሳይከፋፈል ይደርሳል፣ ስለ ዕቃውም መጠየቅ ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. ከመጣው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ከደረሰው ጦርነት በኋላ በጎብኚ ይተዳደር የነበረ ቤት ሁሉ ተጎድቷል። ለበቅሎ ነጂው፣ ለምግብ ሠሪዋና ለቆብ ሻጩ የአንድ መንገደኛ ግዢ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው። በትምህርት ሰዓት ከሕፃናት መግዛት ግን ልጁ ነገም ከክፍል እንዲቀር ምክንያት ስለሚሆን መተው አለበት፤ ቆቡን የሠራው ትልቅ ሰው በመንደሩ ሊገኝ ይችላል።

ከጉዞ በኋላ ያለ አያያዝ

የስፌት ዕቃ ጠላቱ እርጥበትና ብል ነው። ሙዳይ ከጉዞ እንደተመለሰ ተከፍቶ በጥላ ነፋስ ሊመታው ይገባል፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ የአለላው ቀለም ይነጣል። የሱፍ ቆብ ንጹሕ ሆኖ ካልተቀመጠ ብል ይበላዋል፤ ብሉ የሚመርጠው ላብና ቅባት የነካውን ነው። ብር በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ሲዋሃድ ይጠቁራል፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፣ አመድና አሸዋ ግን ቅርጹን ይፍቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው መረጃው ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የዳባቱ ሙዳይ ከሌላ ቦታ ከመጣ ሙዳይ አይለይም፤ የገዛው ሰው ከሌለ ደግሞ ጨርሶ ስም አልባ ይሆናል። ስለዚህ የተገዛበት ቦታና ቀን፣ የጥሬ ዕቃው ስም፣ ፈቃደኛ ከሆነችም የሠሪዋ ስም በትንሽ ወረቀት ላይ ሰፍሮ በክር ይታሰርበታል፤ ለሸክላ ምስልም ከሥሩ ይቀመጣል። ጽሑፉ በእርሳስ ቢሆን ይመረጣል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወረቀቱ ሲረጥብ ይፈስሳል፣ ወደ ሣሩና ወደ ሱፉም ይዘልቃል።